ጥጥ ጨርቁን እሳት መከላከያ ነከርኩት፣ አሁንም ይቃጠላል

ኬሚካሉን ከመስደባችሁ በፊት ከጨርቁ ቁራጭ ቆርጣችሁ ደጅ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉትና (ውሃ አጠገባችሁ ይኑር) ከስሩ ለ12 ሰከንድ እሳት አስነኩት። ነበልባሉና ፍሙ ለየብቻ ነው የሚታዩት፣ ብዙ ሰው ግን ነበልባሉ ከጠፋ አለቀ ይላል።

ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ቀስ እያለ ጨርቁን እየበላ ከሄደ ምናልባት ቦራክስ (ውሃ ላይ የሚሟሟ ነጭ የቦሮን ጨው) ብቻ ነው የተጠቀማችሁት። ቦራክስ ነበልባል ላይ ጎበዝ ነው ፍም ላይ ግን ሰነፍ። በክብደት ለ7 እጅ ቦራክስ 3 እጅ ቦሪክ አሲድ ጨምሩ፣ ሙቅ ውሃ ላይ ቶሎ ይሟሟል (ቆዳ የሚነካ ልብስ ላይ ግን አይሆንም)። ወይ ዳይአሞኒየም ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ጨው) ሞክሩ፣ ፎስፈረሱ ሲሞቅ አሲድ ይሆንና ጥጡ የሚነድ ጋዝ ከማውጣት ይልቅ ከሰል እንዲሆን ያደርገዋል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌይ ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1821 ነው አሞኒየም ፎስፌትና ቦራክስ ጨርቅ ላይ የሞከረው።

አንዱ ጋ ይጠፋል ሌላው ጋ ይነዳል? እኩል አልገባም ማለት ነው። አዲስ ጨርቅ ስታርችና ሰም አለበት፣ የውሃ ጠብታ ጣሉበትና ቶሎ ካልጠጣው በሙቅ ውሃና በዲተርጀንት አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት። ሲደርቅም አትስቀሉት፣ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርድና ላዩ ባዶ ይቀራል፣ አንጥፉት።

ከታጠበ በኋላ ከሆነ የሚነደው ደግሞ ምንም ሚስጥር የለውም፣ የነከራችሁበት ነገር ጨው ነው፣ ከውሃው ጋር ሄዷል፣ እንደገና መንከር ነው። ፋብሪካ ላይ ፎስፈረሱ ጥጡ ውስጥ እንዲቀር የተደረገው ብዙ እጥበት ይችላል፣ እሱም ቢሆን በረኪና ያበላሸዋል፣ ጠንካራ ውሃ (ካልሲየም የበዛበት) ላይ በሳሙና ካጠባችሁት ደግሞ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ጨርቁ ላይ ይቀራል እሱ ራሱ ይነዳል፣ የልብስ ማለስለሻም እንደዛው። ስለዚህ ዲተርጀንት ብቻ።

ነጭ ዱቄት ካወጣ በዝቷል፣ ቀንሱ። ቢጫ ሆኖ እንደ ወረቀት ከተቀደደ ፎስፌቱ ላይ ትኩስ ካውያ አሳርፋችሁበታል፣ አሲዱ ክሩን በልቶታል፣ እሱ አይመለስም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልጠፋ አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉ፣ ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ነገር ከሆነ ፖሊስተር ተቀላቅሎበታል። የጥጡ ከሰል የቀለጠውን ፖሊስተር እንደ ጧፍ ክር ይዞ ያነደዋል፣ እዛ ላይ በቦራክስ አትልፉ።