ሲኤምሲ፣ ሰሚት ወይም አያት ላይ ቤት መግዛትና መሸጥ፦ ከፋይሉ እስከ ስም ዝውውሩ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ባሉት ጸጥ ያሉ ሰፈሮች ቪላ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደላላ ይዞ ከበር በር ይዞራል። ሳሎኑን፣ ሴራሚኩን፣ የግቢውን ስፋት ያያል፤ ልቡ ከወደደ በኋላ ስለ ካርታው ይጠይቃል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ቤቱን የወደደ ሰው የወረቀቱ እንከን አይታየውም፤ ሻጩም ደላላውም ይህን ያውቃሉ። ቤቱን አንዴ አይተው ከተመቸዎት የካርታውን ኮፒ ይጠይቁ። ኮፒ ለመስጠት የሚያቅማማ ሻጭ ጋር ዋጋ አይነጋገሩ።

ካርታው ምን ይላል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የሚሸጠው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጣራው የይዞታው ዓይነት ነው።

ሊዝ ከሆነ ከካርታው ጋር የሊዝ ውሉን ያስቀርቡ። ጠቅላላ የሊዝ ዋጋው ስንት ነው? ምን ያህሉ ተከፍሏል? ውዝፍና ቅጣት አለበት? የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ያልተከፈለው ቀሪ ሂሳብ ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ስለሚሻገር ከዋጋው ጋር ይታሰብ።

ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ከሆነ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣውን የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያስታውሱ። ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ በዓመት ጥቂት ብር የቦታ ኪራይ እየከፈለ የኖረበት ግቢ፣ እርስዎ ሲገዙት የሊዝ ክፍያ ይመጣበታል ማለት ነው። ብዙ ገዢ ይህን የሚሰማው ስም ሊያዛውር ክፍለ ከተማ ሲሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋ ማስቀነስ አይቻልም። ጅምር ቤት ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ በሊዝ የተያዘን ቦታ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍ በአዋጁ የራሱ ሥርዓት አለው።

በእነዚህ ሰፈሮች ብዙው ቤት የተሠራው በሪል እስቴትና በቤት ማኅበር ነው። ካርታው በግለሰቡ ስም ተከፋፍሎ ወጥቷል ወይስ አሁንም በድርጅቱ ወይም በማኅበሩ ስም ነው? የግል ካርታ ያልወጣለት ቤት ላይ ሻጩ የሚያስተላልፍልዎ ከድርጅቱ ጋር ያለውን ውል ብቻ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ዝቅ ማለት አለበት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ዕጣ የወጣለት ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ እንደማይፈቀድለት ይወቁ። «እስከዚያ በውክልና ይያዙት» የሚለው ምክር ገንዘብዎን በሰው ፊርማ ላይ ማንጠልጠል ነው።

ከአያት አልፈው ከሄዱ ፋይሉ የት እንዳለ ይጠይቁ። ለገጣፎን የመሰሉ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ጉዳዩ የሚያልቀው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚያ ነው።

ሰርቬየር ይዘው በካርታው ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት ከአጥሩ ጋር ያስተያዩ። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ 200 ካሬ ነው፤ አጥሩ ከኋላ አንድ ሜትር ወጥቶ ከታጠረ 10 ካሬው የሻጩ አይደለም። ዋጋ በካሬ በሚሰላበት ገበያ ያ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አንድ ቀን አጥሩን አፍርሱ የሚል ማስጠንቀቂያም ያመጣል። ሰርቪስ ቤቱና በኋላ የተጨመረው ፎቅ በጸደቀው ፕላን ላይ መኖሩንም ያረጋግጡ። ቦታው በመንገድ፣ በወንዝ ዳር ወይም በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ መውደቅ አለመውደቁን በከተማው ፕላን ያጣሩ። የኮሪደር ልማት ሥራ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሳያጣራ ቤት የሚገዛ ሰው በራሱ ላይ እየፈረደ ነው።

የሚሸጠው ማን ነው?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ቤቱ በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይጠይቁ፤ የተፋታ ከሆነ ንብረት የተከፋፈሉበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ ይመልከቱ። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ይፈርም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከኖረ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይቀርብ ቀብድ አይክፈሉ።

ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ወንድሙ ወይም እህቱ የሚሸጡት ቤት በእነዚህ ሰፈሮች ብዙ ነው። ውክልናው «ቤት እንዲሸጥ» የሚል ልዩ ሥልጣን መያዝ አለበት፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። በኤምባሲ የተሰጠ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት መረጋገጡን ይዩ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያከትማል፤ ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር በቪዲዮ ይነጋገሩ፤ ዋጋውንም ራሱ ይናገር። ይህ ጥሪ ወካዩ ካሰበው በላይ ዋጋ ጭኖ ልዩነቱን የሚወስድ ሰው ካለም ያጋልጣል።

ቤቱን ሲመረምሩ

የእነዚህ ሰፈሮች ዋናው ጠላት ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ላይ ደርቆ ይሸበሸባል፤ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ወይም አፈሩ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ካልተተካ ቤቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ምልክቱ የሚወጣው በመስኮትና በበር ማዕዘኖች ላይ ነው፦ ከማዕዘኑ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ። ልስኑ ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያስደነግጥም። የሳንቲም ጠርዝ የሚገባበት፣ በግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚታይና የብሎኬቱን መጋጠሚያ ደረጃ በደረጃ ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይናገራል። በሮቹን አንድ በአንድ ይዝጉ፤ ላይኛው ጥግ የሚይዝ በር ካለ ያንን ግድግዳ በደንብ ይዩ። አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ምክንያቱን ይጠይቁ። ግቢ ውስጥ ደግሞ የአሸንዳው ውሃ የት እንደሚፈስ ይመልከቱ፤ መሠረቱ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ችግሩ በየዓመቱ ይብሳል። ለግድግዳ የተጠጋ ባሕር ዛፍም አፈሩን ስለሚያደርቅ መጥፎ ጎረቤት ነው። ከተቻለ ቤቱን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ይዩት፤ መሐንዲስ ይዘው ለሚሄዱበት የሚከፍሉት ገንዘብ ከቀብዱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ውሃውን ከሮቶ የሚመጣውን ሳይሆን ከመስመሩ ያለውን ቧንቧ ከፍተው ይዩ፤ የፈረቃ ቀናቱን ጎረቤት ይጠይቁ። አምስት ሰው በቀን 80፣ 80 ሊትር ቢጠቀም 2,000 ሊትር ሮቶ የሚበቃው ለ5 ቀን ነው። መብራቱን ለመፈተን ምጣዱንና ቦይለሩን አብረው ይለኩሱ፤ አምፖሉ ከደበዘዘ ወይም ብሬከሩ ከወረደ መስመሩ ቀጭን ነው። የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን የት እንዳለና የመምጠጫ መኪና መግባት መቻሉንም ይዩ።

ጸጥታ በቀን አንድ ጉብኝት አይታወቅም። ቅዳሜ ማታና እሑድ ንጋት ላይ ይሂዱ፤ በአቅራቢያው ጋራዥ፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ ሙዚቃ የሚከፍት ግሮሰሪ መኖሩን ያያሉ። ከሁሉ በላይ የእድሩን ጸሐፊ ያነጋግሩ። የወሰን ጭቅጭቅ፣ የወንድማማች ክስ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ክፍለ ከተማው ፋይል ላይ ሳይደርስ እድር ውስጥ ይሰማል።

ቀብድ፣ ውል፣ ገንዘብ

ቀብድ የውሉ መደረግ ማስረጃ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሐሳቡን የቀየረው ቀብድ ሰጪው ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን፤ «ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ሆኖ ካልተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገርም ይግባበት።

ዋናው ውል ሁለታችሁ በምትፈርሙበት ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሰው አሁንም ውልና ማስረጃ በሚለው መሥሪያ ቤት ይፈጸማል። ሻጩ ኦሪጅናል ካርታውን፣ መታወቂያውን፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃውንና ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያቀርባል። ይህ ማረጋገጫ ከመፈረሚያው ቀን ጋር ይቀራረብ፤ ከወር በፊት ንጹሕ የነበረ ፋይል ዛሬ የፍርድ ቤት እግድ ሊኖርበት ይችላል። የባንክ ዕዳ ካለ ገንዘቡን ለሻጩ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ባንኩ የዕዳ ሂሳብ ያስገቡና ባንኩ ካርታውን ሲለቅ ቀሪውን ይክፈሉ።

እውነተኛውን ዋጋ በውሉ ላይ ይጻፉ። ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ለግብር ቅነሳ ሲባል የተለመደ ነው፤ ውሉ የፈረሰ ቀን ግን ገዢ በሕግ የሚጠይቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። ጥቅሙም ትንሽ ነው፤ ክፍያው የሚሰላው ከውሉ ዋጋና ከመሥሪያ ቤቱ ግምት በሚበልጠው ነውና። በተለምዶ ገዢው የሚሸፍነው 4 በመቶ አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ነው፤ ለ12 ሚሊዮን ብር ቤት 720,000 ብር ይሆናል። ይህን ከቤቱ ዋጋ ውጭ አስቀድመው ይያዙ። የደላላውን ኮሚሽን መቶኛና የሚከፈልበትን ቀንም በጽሑፍ ይያዙ፤ የሚከፈለው ውሉ ሲፈረም እንጂ ቀብድ ሲሰጥ አይደለም።

ክፍያ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ፣ ይሁን። ሻጩ ሲፒኦውን ከባንኩ ቅርንጫፍ ሳያረጋግጥ አይፈርም፤ ገዢውም ፊርማው ሳያልቅ አያስረክብም። ሁሉንም በአንዴ አለመክፈልም ይሻላል። 10 በመቶ ያህሉ ስሙ እስኪዛወርና ቤቱ ባዶ ሆኖ እስኪረከብ ይቆይ፤ የመረከቢያው ቀንና በየቀኑ የሚታሰብ የመዘግየት ቅጣት በውሉ ይጻፍ።

ገዢ በጣም የሚጎዳው ግን ከፈረመ በኋላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። ውሉን ፈርመው ካርታውን ይዘው ቤት ከገቡ በኋላ ስም ዝውውሩን ለዓመታት የሚያሳድሩ አሉ። በመሃል ሻጩ ላይ የመጣ ክስ፣ በፋይሉ ላይ የተመዘገበ እግድ ወይም የሻጩ ሞት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። ውሉ በተፈረመ ሳምንት ወደ ክፍለ ከተማው ይግቡ፤ የሚጎድል ሰነድ ቢጠየቅ ሻጩን ገና በስልክ በሚገኝበት ጊዜ ያስሞላሉ።

ሻጭ ከሆኑ

ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት የጣሪያና ግድግዳ ግብሩን፣ የቦታ ኪራዩን ወይም የሊዝ ክፍያውን ጨርሰው ደረሰኞቹን በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ። ከስድስት ወር በላይ ገበያ ላይ የሚከርም ቤት አብዛኛው ዋጋው ተሰቅሎ ነው ወይም ፋይሉ ሳይስተካከል ነው። ዋጋ ሲያወጡ ጎረቤት «ስንት ተጠየቀ» ሳይሆን «ስንት ተሸጠ» የሚለውን ይጠይቁ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ያሠሩ፤ ስንጥቁን ግን በቀለም አይደብቁ፤ የተደበቀ ጉድለት በኋላ ክስ ያመጣል።

ቤቱ ተከራይ ካለበት ለገዢው ቀድመው ይንገሩ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፤ «ተከራዩ በሳምንት ይወጣል» ብለው ቃል አይግቡ። የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር የሻጭ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 በትርፉ ላይ 15 በመቶ አስቀምጧል። የገዙበትን ውልና የማሻሻያ ወጪ ደረሰኝ ካላቀረቡ ትርፉ ከእውነቱ በላይ ይገመታል። ራስዎ የኖሩበት ቤት ከሆነም ያንን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ።

በርክክቡ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ሁለታችሁ ባላችሁበት ፎቶ አንሱ፤ እስከዚያ ያለውን ሻጭ ይክፈል። ቁልፎቹ በቁጥር ተጽፈው ይፈረም፤ ገዢው የዋናውን በር ቁልፍ በዚያው ቀን ይቀይር። ከዚያም ቆጣሪዎቹን በስሙ ያዛውርና እድር ይመዝገብ።