ሞርፊን «ሲያመው» አይሰጥም፣ እና ሌሎች ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄድኩ ማስታመም ከጀመርኩ ቆየሁ። በየጊዜው አዳዲስ ነርሶች አብረውኝ ይወጣሉ። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁም። ግን ያው ስህተት በሦስተኛው ቤት ሲደገም ትዕግሥቴ ያልቃል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ካርዱ ላይ «ሞርፊን፣ ሲያመው» ብሎ ጽፎ መውጣት ነው። የሚጠጣው ሞርፊን 4 ሰዓት ያህል ቢሠራ ነው። ካንሰሩ ግን ከ4 ሰዓት በኋላም እዚያው ነው። «ሲያመው» ካላችሁ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ጩኸት ነው። እኛ አገር ደግሞ ጨዋ ሰው ቶሎ አይጮኸም፣ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። ሲያቅተው ይለምናል፣ ከዚያ መድኃኒቱ እስኪይዝለት ሌላ ግማሽ ሰዓት ያቃስታል። ታማሚውን ለገዛ መድኃኒቱ ለማኝ አደረጋችሁት ማለት ነው። አንድ ቤት ስንደርስ ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ልጅየው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። «ሱስ እንዳይሆንባት ብዬ ነው» አለኝ። እናቱ የቀራት ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ነበር! ልጁ ላይ ልጮህ ስል ካርዱን አየሁት፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል፣ የጻፈው የእኛው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «በሰዓቱ ስጡ» ያለው እኮ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ራሱን ጻፉላቸው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። የማታ 4ቱን ሐኪሙ እጥፍ ካዘዘው ሌሊት ማንም አይቀሰቀስም። በመሀል ህመሙ ጥሶ ከመጣ ተጨማሪ ይሰጣል፣ ይመዘገባል፤ «ሲያመው» የሚለው ቃል ቦታው እዚህ ብቻ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከሆነ ግን ሰዓቱን ማራራቅ ስለሚያስፈልግ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ይህን ሰዓት እንዳለ እንዳትጽፉለት።

ቀጣዩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለአንድ አባት ሞርፊን አስጀምሬ የሆድ ማለስለሻውን ረሳሁት። ህመማቸው ሲመለስ መጠኑ አንሷቸው ነው ብዬ ሐኪሙን አስጨምሬ መጣሁ። ያም አልሠራም። በኋላ ልጃቸው በር ድረስ ሸኝታኝ «ሲስተር፣ አባባ መድኃኒቱን ትተውታል፣ ሆዳቸው ከደረቀ 8 ቀኑ ነው፣ ለአንቺ መናገር አፍረው ነው» አለችኝ። ሰውየው ከድርቀቱ ህመሙን መርጠዋል። ሞርፊኑ የሚያመጣውን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሰውነት በጥቂት ቀን ይለምደዋል፣ ድርቀቱን ግን አይለምደውም። ማለስለሻው (ቢሳኮዲል) ከሞርፊኑ ጋር አንድ ቀን ይጀመር፣ እናንተም ሳታፍሩ ጠይቁ።

«እንዴት አደሩ?» ስትሉ የሚመጣው «እግዜር ይመስገን» የህመም መለኪያ አይደለም። ሰላምታ ነው። ጠያቂ ሞልቶ በተቀመጠበት ክፍል ደግሞ ከዚያ ሌላ መልስ አታገኙም። እንግዶቹ ቡናቸውን ጠጥተው ይውጡ፣ ከዚያ እጃችሁን ዘርጉና በጣት እንዲያሳዩ አድርጉ፤ ጭብጥ ምንም፣ አምስት ጣት የማይቻል። «እግዜር ይመስገን» ብለው አምስቱንም ጣት የዘረጉልኝ ሰው አሉ።

በር ላይ ቤተሰብ «እንዳትነግሩት» ሲላችሁ «እሺ» አትበሉ። ክፋት የላቸውም፣ መርዶ በማለዳ ተሰብስቦ በሽማግሌ የሚነገርበት አገር ነው፣ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን የሚደብቁት ምርመራውን ብቻ አይደለም። ንስሐውን፣ ቁርባኑን፣ ኑዛዜውን፣ ዕዳውን አብረው ይወስዱበታል። አንድ ነጋዴ በመጨረሻው ቀን አእምሮው እየሄደ እየመጣ «የሰውየውን ብር... ጥሩልኝ» ይል ነበር። የትኛውን ሰውዬ? ማንም አላወቀም። ከወር በፊት ቢነገረው ራሱ ጠርቶ ይከፍል ነበር። በር ላይ የምለው «እኔ ልነግረው አልመጣሁም፣ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም» ነው። ከዚያ ታማሚውን «ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» እለዋለሁ። «ለልጄ ንገሪያት፣ እኔ ይቅርብኝ» የሚልም አለ። መብቱ ነው።

ፔቲዲን የሚባለው ማስታገሻ ለማያቋርጥ ህመም አይሆንም፣ ሲደጋገም ያንቀጠቅጣል። አለቀ።

የሚሸት ቁስል ካለ ሽቶ ከመርጨት ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የፀረ ባክቴሪያ ክኒን ፈጭታችሁ ከላዩ ነስንሱ። ጠበል ከሚሄድ ታማሚ ጋር አትጣሉ፤ የነፍስ አባቱን ፈልጋችሁ አነጋግሩ፣ እኔ ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን እሳቸው በአንድ ቃል «ከጠበሉም ከመድኃኒቱም» ብለው ጨርሰውታል።

ግሉኮስ። ታማሚው መብላት ሲያቆም ቤተሰቡ መጀመሪያ አጥሚት፣ ቀጥሎ በግድ ጉርሻ፣ በመጨረሻ «ግሉኮስ ይሰካለት» ይላል። ጀማሪዋ ነርስ ጭንቅ ሲላት ትሰካለች፤ ቢያንስ የሆነ ነገር ሠራሁ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 129 የካንሰር ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን በቀን 1 ሊትር ፈሳሽ፣ ለሌላው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ሰጠ። በስቃያቸውም በዕድሜያቸውም ልዩነት አልታየም። ሰውነት መቀበል ሲያቆም ፈሳሹ እግር ያሳብጣል፣ ደረት ላይም ይንተከተካል። ግን «አያስፈልግም» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ ለቤተሰቡ ባዶ እጅ ከባድ ነው። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ከንፈርና አፍ ማራስን ለልጁ አሳዩት። ጉሮሮው ማንኮራፋት ሲጀምር በጎን ማስተኛትን አሳዩት። እጁ ሥራ ሲያገኝ ስለ ግሉኮስ መጠየቁን ይተዋል።

ለቅሶ ድረሱ፣ በሠልስቱም ቢሆን። ስትወጡ ደግሞ የተረፈውን ሞርፊን ጠይቃችሁ ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ማስታወሱ ነውር መስሎኝ ትቼው ሄድኩ፣ ከወር በኋላ ያው ጠርሙስ ጥርሷን ያመማት ጎረቤት ቤት ተገኘ።