የዱር አረንጓዴ ሻይ የሚገዙ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሉልታ ውስጥ ሻይ ቅጠልና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሻን ቱዬት የተባለውን የቬትናም የዱር አረንጓዴ ሻይ የሚጠይቁኝ ደንበኞች በርክተዋል። ቅጠሉ በሃ ዛንግና በየን ባይ ተራሮች፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ አንዳንዶቹ መቶ ዓመታትን ካስቆጠሩ ዛፎች የሚለቀም በመሆኑ ብርቅና ውድ ነው። ብዙ ሰው ግን ውድነቱን የመድኃኒትነቱ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል፤ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

በጣም የተለመደው ቅጠሉን እንደ ጥቁር ሻይ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር በበራድ ማንተክተክ ነው። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ቅጠል ይህም ይበዛበታል። ውኃውን ከእሳት አውርደው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ወደ 80 ዲግሪ እስኪወርድ ጥቂት ይታገሡ፤ ከዚያም ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል አድርገው ሁለት ደቂቃ ያህል ከዘፈዘፉት በኋላ ያጥልሉት። በአግባቡ ሲዘጋጅ በነጭ ጸጉር የተሸፈነው ደረቅ እምቡጥ ቀስ እያለ ይፈታል፤ ውኃውም ወደ ቢጫ ያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሆናል። ቡናማ ሆኖ ምላስ የሚይዝ ከሆነ ተቃጥሏል፤ ስኳር ቢጨምሩበትም አይመለስም። አንድ ጊዜ ዘፍዝፎ መድፋትም ብክነት ነው፤ ያው ቅጠል ሁለትና ሦስት ጊዜ ውኃ ይቀበላል።

ማዕድ ሳይነሣ መጠጣት ሌላው ነው። በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የምናገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይቀበል ያደርጋሉ፤ በጾም ወራት ደግሞ ሌላ የብረት ምንጭ እምብዛም ስለሌለን ጉዳቱ ይከብዳል። ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ሻዩን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሊያርቁት ይገባል። ቡናም ያው ነው።

ዝም ብዬ የማላልፈው ግን መድኃኒት አቋርጦ በሻይ መተካትን ነው። አንዲት እናት የደም ግፊት እንክብላቸውን ትተው ጠዋትና ማታ ይህንኑ ሻይ ብቻ እየጠጡ መክረማቸውን ነገሩኝና፣ «ልጄ፣ ከዛፍ የመጣ ነገር ምን ይጎዳል?» አሉኝ። ሻዩን አልሸጥሁላቸውም፤ ልጃቸውን አስጠርቼ ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳቸው ለመንሁት፤ ግፊታቸውም እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ታማሚን «መድኃኒትህን ትተህ ሻይ ጠጣ» ብሎ የሚመክር ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል! በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ጥናት 40,530 ሰዎችን እስከ 7 ዓመት ተከታትሎ፣ አረንጓዴ ሻይ አዘውትረው በሚጠጡት ዘንድ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚሞቱት አንሰው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አላገኘም። ጥናቱ የሰዎችን ልማድ የተከታተለ እንጂ ሻይን በመድኃኒት ምትክ ሰጥቶ የፈተነ አይደለም፤ የተጠናውም የጃፓኖቹ የዘወትር ሻይ እንጂ የቬትናሙ የዱር ሻይ አይደለም። ስለዚህ ሻዩን ከመድኃኒትዎ ጋር መጠጣት ከፈለጉ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ሳይጠይቁ አያብዙ።

«ቅጠሉን ከማፍላት ፍሬ ነገሩን በእንክብል ብውጠው ይሻላል» የሚሉም አሉ። አይሻልም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ኢጂሲጂ የተባለውን የሻይ ንጥረ ነገር በተጨማሪ ምግብ መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ በጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ሊያስከትል ይችላል፤ በተለመደው መንገድ ተዘፍዝፎ የሚጠጣውን ሻይ ግን በአጠቃላይ ደኅና ብሎታል።

ቅጠሉን ከበርበሬና ከኮረሪማ ጎን አያስቀምጡት። የሌላውን ሽታ ቶሎ ስለሚስብ፣ ክዳኑ ግጥም በሚል ቆርቆሮ አድርገው ከብርሃንና ከእርጥበት ያርቁት።