ዎርድ ላይ ስትጽፉ ለጆሮም አስቡ፦ በየቀኑ የሚገጥሙኝ ስህተቶች

እኔ ዎርድ የማነበው በጆሮዬ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ የጀመረው ነው፤ እስካሁንም በነፃ ይወርዳል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ሮቦት ሮቦት ይላል፣ ግን ይለመዳል።

ባሕር ዳር ውስጥ ሃንድአውቱም፣ ማስታወቂያውም፣ ፎርሙም፣ ቃለ ጉባኤውም ዞሮ ዞሮ ዎርድ ላይ ነው የሚሠራው። ፔዳ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጀምሮ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ማለት ነው። ታዲያ አብዛኛው ሰነድ ሲያዩት ያምራል፣ ሲያዳምጡት ግን ግራ ያጋባል። ስክሪን ሪደር የሚያውቀው ለዎርድ በትክክል የነገራችሁትን ብቻ ነው። በስፔስና በቀለም ያስመሰላችሁትን አያውቅም። ከታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

በድሮ ፎንት መጻፍ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የድሮ ፎንቶች የተሠሩት ኮምፒውተር የእኛን ፊደል በማያውቅበት ዘመን ነው። ያኔ የተገኘው መላ የእንግሊዝኛውን ቦታ መዋስ ነበር። ከውስጥ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ይቀመጣል፤ ከላይ የአማርኛ መልክ ይለብሳል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የራሱ ቁጥር አለው፣ «ሁ»ም የራሱ። የድሮው ፎንት ግን ዛሬም ብዙ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አለ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። እናንተ «የኢትዮጵያ» ብላችሁ የምታነቡት ቃል በአንዱ የድሮ ፎንት ሲጻፍ ከውስጥ ዋይ አለ፣ ኤክስ አለ፣ ቲ አለ፣ የማባዣ ምልክት ሳይቀር አለ። ስክሪን ሪደሩ የሚያየው እሱን ነው፤ የሚያነብልኝም እሱን ነው። አንድ ገጽ እንደዚህ መስማት ራስ ያዞራል።

አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይህንን ለማስረዳት ስሞክር ጸሐፊዋ «ወንድሜ፣ አማርኛ እኮ ነው የጻፍኩት፤ ይኸው ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይታያል። እኔም «እስቲ ሁሉንም ምረጪና ፎንቱን ታይምስ ኒው ሮማን አድርጊው» አልኳት። ወዲያው «ውይ! ምንድን ነው ይሄ?» አለች። አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ቀርቷል። መሞከሪያው ይሄው ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ፎንቱ ተቀይሮም አማርኛነቱ አይጠፋም ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። ፎንቱ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ይሁን። አስቀድሞ በድሮ ፎንት የተጻፈውን ግን ፎንት መቀየር ብቻ አያድነውም። በመቀየሪያ ፕሮግራም ማለፍ ወይም እንደገና መጻፍ አለበት።

ፊደል መነጣጠል

«ማ ስ ታ ወ ቂ ያ»። ይህን ያላየ አለ? ርዕሱ እንዲረዝምና እንዲያምር በየፊደሉ መሐል ስፔስ ይገባል። ለእኔ የሚደርሰው አንድ ቃል ሳይሆን ስድስት ብቻቸውን የቆሙ ፊደሎች ናቸው። ሰነዱ ውስጥ «ማስታወቂያ» ብዬ ብፈልግም አላገኘውም። ሰፋ ያለ ርዕስ ከፈለጋችሁ ቃሉን እንደ ወትሮው ጻፉት፣ ምረጡት፣ ኮንትሮልና ዲ ተጫኑ፣ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ስፔሲንጉን ኤክስፓንድድ አድርጉት። ለዓይን ያው ነው፤ ለጆሮ ደግሞ ቃል ይሆናል።

በአራት ነጥብ ፋንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ መምታትም የዚሁ ዘመድ ነው። ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይደለም። እንደ ቅንብሩ ወይ «ኮለን ኮለን» ይላል፣ ወይ ምንም እንዳልነበረ ያልፈዋል።

ርዕስን በቦልድ ብቻ መለየት

አንድ ሞጁል 60 ገጽ ነው እንበል። እናንተ ምዕራፍ ሦስትን ስትፈልጉ ገጹን ወደ ታች እያወረዳችሁ ደማቁን ጽሑፍ በዓይን ትለቅማላችሁ። እኔ ደግሞ ኢንሰርትና ስፔስ ተጭኜ ወደ ማሰሻው ሁኔታ (ብራውዝ ሞድ) እገባና «ኤች»ን እመታለሁ። በእያንዳንዱ ምት ከርዕስ ወደ ርዕስ እዘላለሁ። ኢንሰርትና ኤፍ 7 ስጫን ደግሞ የርዕሶቹ ዝርዝር በሙሉ ይመጣልኛል።

ይህ የሚሠራው ርዕሱ በሄዲንግ ስታይል ከተሠራ ብቻ ነው። ቦልድ አድርጋችሁ፣ አስምራችሁ፣ 16 ፖይንት ብታደርጉት ለስክሪን ሪደሩ ያው ተራ አንቀጽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለኝ ምርጫ 60ውንም ገጽ ከላይ እስከ ታች መስማት ነው። ጠቋሚውን ርዕሱ ላይ አድርጋችሁ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1 ተጫኑ፤ ለንዑስ ርዕስ 2፣ ከዚያ ለሚወርደው 3። መልኩ ካላማራችሁ ስታይሉን አንዴ አስተካክሉት፣ ሁሉም ርዕስ አብሮ ይስተካከላል። ማውጫውንም ዎርድ ራሱ ይሠራላችኋል፤ ይህ እንግዲህ የእናንተ ጥቅም ነው።

በስፔስ የተሠራ ሠንጠረዥ

የፈተና ፕሮግራም ስፔስና ታብ እየተመታ ሲሰለፍ እኔ የምሰማው «ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ ሒሳብ ታሪክ ባዮሎጂ 2፡30 4፡30 8፡00» የሚል ሰልፍ ነው። ታሪክ መቼ ነው? እንጃ።

ዎርድ ላይ ኢንሰርት የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ እውነተኛ ሠንጠረዥ ሥሩ። ያኔ ኮንትሮልና ኦልትን ይዤ በቀስቶቹ ከሴል ሴል እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ረድፍ ደግሞ ሪፒት ሄደር ሮውስ በሚለው ራስጌ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ሴል ላይ ስደርስ የዓምዱን ስም አብሮ ይነግረኛል። ሴል አጣብቆ አንድ ማድረግ ቢያምራችሁም ተዉት። የተጣበቀ ሴል ያለበት ሠንጠረዥ ውስጥ ዓምድ ይምታታብኛል።

ያለ ማብራሪያ የገባ ምስል

ዎርድ ውስጥ የገባ ፎቶ ለእኔ «ግራፊክ» የሚል አንድ ቃል ነው። ምስሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ኦልት ቴክስት በሚለው ቦታ ምን እንደሚያሳይ ጻፉ። «ምስል 3» ማለት ማብራሪያ አይደለም፤ «የጣና ካርታ» ማለትም ገና ግማሽ ነው። ለጂኦግራፊ ተማሪ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «የጣና ሐይቅ ካርታ፤ ጎርጎራ በሰሜን ዳርቻ፣ ባሕር ዳር በደቡብ፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በባሕር ዳር በኩል ነው።» ለጌጥ የገባ አበባ ከሆነ ደግሞ ዴኮሬቲቭ የሚለውን ምልክት አድርጉና እለፉት። የአበባ ገለጻ አልፈልግም።

ስለ ምስል ካነሳን አይቀር፣ ጽሑፍን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ለእኔ ባዶ ወረቀት እንደ መላክ ነው። ሶፍት ኮፒው ካለ እሱን ላኩልኝ።

ጥቃቅን የሚመስሉት

አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተርን ደጋግሞ መምታት፦ «ብላንክ፣ ብላንክ፣ ብላንክ» እያለ ይቆጥርልኛል። ኮንትሮልና ኢንተር አንዴ በቂ ነው።

«በቀይ የተጻፉት ያላለፉ ናቸው» የሚል ዝርዝር፦ ቀለሙን እየጠየቅኩ ስም በስም ልሂድ? አጠገቡ «አላለፈም» ብላችሁ ጻፉ።

ቴክስት ቦክስ ውስጥ የገባ ስልክ ቁጥር ወይም ቀን ብዙ ጊዜ ከንባቡ ተራ ውጭ ይቀራል። ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ይግባ።

«ፊደሉን አጉልቼልሃለሁ»

ይህንን በቅን ልብ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ አልቀየማቸውም። ማየት ለሚቸገሩ፣ ጨርሶ ላልጠፋባቸው ሰዎች ትልቅ ፊደል በእርግጥ ይጠቅማል። ስክሪን ሪደር ግን 12 ፖይንቱንም 28ቱንም እኩል ነው የሚያነበው። ጊዜያችሁን ለሄዲንጉ ስጡልኝ።

ፒዲኤፍ ሲወጣ

ዎርዱን በሥርዓት ሠርቶ በመጨረሻ «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ማድረግ ልፋትን ውኃ ያስበላል። በዚያ መንገድ ሲወጣ ሄዲንጉም የምስሉ ማብራሪያም ይጠፋል። ሴቭ አዝ ብላችሁ ፒዲኤፍ ምረጡ፤ ኦፕሽንስ ውስጥ «ዶክዩመንት ስትራክቸር ታግስ ፎር አክሰሲቢሊቲ» የሚለው ምርጫ ምልክት እንዳለበት እዩ። ፒዲኤፉ ግድ ካልሆነ ዎርዱን እንዳለ ብትልኩልኝ ይሻለኛል።

ከመላካችሁ በፊት ሪቪው ውስጥ ያለውን ቼክ አክሰሲቢሊቲ ንኩት። ማብራሪያ የሌለውን ምስል፣ ራስጌ የሌለውን ሠንጠረዥ ቦታው ድረስ ወስዶ ያሳያችኋል። የድሮውን ፎንትና የተነጣጠለውን «ማ ስ ታ ወ ቂ ያ» ግን እሱም አይነግራችሁም፤ እነሱን ራሳችሁ ፈትሹ።