ሶሪያሲስ ያለባችሁ፣ ድዳችሁን አደራ

ጥርስ ስትቦርሹ ድዳችሁ ከደማ አትናቁት። የድድ በሽታ ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያቀርፍ የቆየ በሽታ) ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሁለቱንም የሚያቀጣጥለው የሰውነት መከላከያ የሚያስነሳው ብግነት (መቅላትና ማበጥ) ነው።

እኛ ኮዬ ፈጬ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ማታ ሳይቦረሽ የሚተኛው ብዙ ነው። አንድ ሲኒ ውሃ ግን ይበቃል! ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ 2 ደቂቃ በቀስታ አሹ። ድድ የሚያቆስለው ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያው መስመር ላይ ነው። አረፋውን ትፉት እንጂ አትጉመጥመጡ፤ በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ጥርስ ላይ ይቆይ። ውሃው ለብሩሹ ማጠቢያ ነው።

የቆዳ መድኃኒታችሁን ግን እንዳታቆሙ። ድዱ ከተላጠ ወይም አፍ ውስጥ የማይድን ቁስል ካለ ቶሎ ሐኪም ይየው፤ ፔምፊገስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ነው።