«እዚህ መንግሥት ጋዝ ይደጉማል» ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ሳልርቅ፣ አሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። ቆሮሶውም አምባዛውም የሚጠበሰው በቡታጋዝ ነው። ስለዚህ ውጭ ያሉ ዘመዶቼ «እዚህ እኮ መንግሥት ጋዝ ይደጉማል» ሲሉኝ ጆሮዬ ይቆማል። እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ የተማርኩት ግን ቀስ በቀስ ነው።

መጀመሪያ «የትኛው ጋዝ?» በሉ። እናቴ ጋዝ ስትል ላምባ ማለቷ ነው። እኔ በሲሊንደር የምገዛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ኢስታንቡል የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት የሚገባው ደግሞ በቧንቧ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ይህን ሳትለዩ ዋጋ አታነጻጽሩ።

ቀጥሎ መጠኑን በራሳችሁ ሲሊንደር ስፈሩት። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንድ ወር በነጻ ከሰጠች በኋላ፣ ለአንድ ዓመት በየወሩ እስከ 25 ሜትር ኩብ ድረስ ሳታስከፍል ቆይታለች። አንድ ሜትር ኩብ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ 13 ገደማ። እንግዲህ 25 ሜትር ኩብ የእኔን 12.5 ኪሎ ሲሊንደር አንድ ተኩል ያህል ይሆናል። ይህን በደረሰኝ ጀርባ ያሰላሁ ዕለት ነው ነገሩ የገባኝ።

ዋናው ጥያቄ ግን ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ሕንድ በ2016 ለድሃ ቤተሰብ ሴቶች የሲሊንደር ጋዝ ማዳረስ ጀመረች። ሴትየዋ ሲሊንደሩን ስታስሞላ ሙሉውን ዋጋ ትከፍላለች፤ ድጎማው በኋላ ባንክ ሂሳቧ ይገባል። በጥቅምት 2023 ለ14.2 ኪሎ 300 ሩፒ ደርሶ ነበር። ገንዘቡ በሻጭ እጅ ስለማያልፍ ለማጭበርበር አይመችም፤ ይህን እወድደዋለሁ። ነገር ግን እኔም ሲሊንደሬ ባዶ ሆኖ፣ የማስሞያው ገንዘብ ሳይሞላልኝ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ከሰል ያያያዝኩበት ምሽት አለ። ኋላ የሚመጣ ገንዘብ ለዛሬ ድስት አይደርስም። ስለዚህ «አስቀድሞ የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ኢንዶኔዥያ ከ2007 ጀምሮ ሕዝቧን ከላምባ ወደ 3 ኪሎ ሲሊንደር ስታሸጋግር ድጎማውን ዋጋው ውስጥ ከተተችው። ድሃዋ ወዲያው አገኘችው፤ ያለው ሰውም አብሯት ገዛ።

ጀርመን በ2023 ሌላ መንገድ ሄደች፦ ቤተሰቡ ቀድሞ ይጠቀም ከነበረው 80 በመቶው በኪሎዋት ሰዓት 12 የዩሮ ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ያለው በውሉ ዋጋ። ምድጃውን የቆጠበ ተጠቀመ። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።

በመጨረሻ ቀኑን ጠይቁ። የጀርመኑ ድጎማ በዚያው ዓመት ማብቂያ ቆሟል። እዚያ ያለችው እህቴ ስለ ድጎማው ያጫወተችኝ በ2024 ነበር፤ ለካ በእጇ ይዛ የምታነብልኝ ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ኖሯል።