አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን ለሥራና ለራስ ኑሮ ማዘጋጀት፦ ከዘጠነኛ ጀምሩ

12ኛ ክፍልን እስኪጨርስ አትጠብቁ። ዘጠነኛ ላይ ጀምሩ። መጀመሪያ ምን መሥራት እንደሚፈልግ እሱኑ ጠይቁት፤ ዘመድ ተሰብስቦ አይወስንለት።

ከዚያ መንገድ። ማየት ለተሳነው የጅማ ልጅ ከቤት እስከ እዚያው ጅማ ያለው መርካቶ ብቻውን ደርሶ መመለስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ነጭ በትሩን ይያዝ፣ አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ፤ መጀመሪያ ሰሞን አብራችሁት ሂዱ፣ ቀጥሎ ራቅ ብላችሁ ከኋላ ተከተሉት፣ በመጨረሻ ተዉት። ባጃጁን ራሱ ያስቁም፣ ዋጋውን ራሱ ይጠይቅ፣ መልሱን በጣቱ ዳብሶ ይለይ። (እናቶች እዚህ ላይ አንጀታቸው አይችልም፣ አውቃለሁ። ቻሉት።) ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብም እንደዚሁ። የቀበሌ መታወቂያና የባንክ ደብተር በራሱ ስም ይኑረው።

ክረምት ላይ ሰፈር ውስጥ ሥራ ይለማመድ፤ ሱቅም ይሁን እንጨት ሥራ ቤት።

ሥራ ሲያመለክት የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይወቅ። ውጤቱ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ አሠሪው ደግሞ ምቹ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ ማሟላት አለበት። መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ከከሰሰም፣ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው።